የራስ ቅልን በፎቶ ኮፒ ሃንዳውት ላይ በኤአር ማሳየት፦ በምን ይሠራል?

የላብ መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች የሚታደል 38 ገጽ የጭንቅላትና የአንገት አናቶሚ የላብ ሃንዳውት አለ። ተማሪው በብዛት የሚሰናከለው የራስ ቅል ወለል ላይ ነው። ሮተንደም፣ ኦቫሌ፣ ስፓይኖሰም፣ ጁጉላር፤ ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ከታች በየት በኩል እንደሚወጣ በጠፍጣፋ ሥዕል አይያዝም። እውነተኛው የራስ ቅል ደግሞ ለ120 ተማሪ አይዳረስም።

የታሰበው ተማሪው ስልኩን ገጹ ላይ ሲደግን የራስ ቅሉ ወረቀቱ ላይ ቆሞ እንዲታየው ነው (ኤአር የሚሉት)። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ ሃንዳውቱ የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው። ስልኩ በአብዛኛው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ኤ ሲሆን አልፎ አልፎ አይፎን ይገኛል። የግቢው ዋይፋይ ሰው ሲበዛበት ይወድቃል። በጀት የለም። መመሪያው በአማርኛ ይሁን፣ የአካል ክፍሎቹ ስም በላቲኑ ይቅር ተብሏል። ሥዕሉን ራሱን ማርከር (ካሜራው ለይቶ ሞዴሉን የሚያስነሳበት ምልክት) አድርጎ ሲሞከር ከፕሪንተር በወጣው ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ተማሪው እጅ ላይ ባለው ኮፒ ግን አይነሳም። ምን ይሻላል?

ነጭ ኅዳግ

ሰላም መምህር። ሶፍትዌሩን አይውቀሱት፤ ጥፋቱ የኮፒ ማሽኑ ነው። እንደ ማይንድ-ኤአር ያሉት የኤአር ፕሮግራሞች ሥዕሉን እንደ ሰው ዓይን አይለዩትም። የሚይዙት በውስጡ የተበተኑ፣ ጥግ ያላቸውን ትንንሽ ነጥቦች ነው። ኮፒ ማሽን ግራጫውን ወይ ያነጣዋል ወይ ያጠቁረዋል። የኮፒ ኮፒ ሲሆን ብዙዎቹ ነጥቦች ይጠፉና የቶነር ጉድፍ በቦታቸው ይገባል። የአናቶሚ ሥዕል ደግሞ ከመነሻውም ለዚህ አይመችም፤ ለስላሳ ጥላ ይበዛበታል፣ ሹል ጠርዝ ያንሰዋል።

ለእናንተ የሚሆነው የኤአር-ጄኤስ (በብሮውዘር የሚሠራ የኤአር ፕሮግራም) ባርኮድ ማርከር ነው፦ ወፍራም ጥቁር ክፈፍ፣ በውስጡ 3 በ3 ጥቁርና ነጭ ካሬ። ግራጫ የሚባል ነገር ስለሌለው ደጋግሞ ቢኮፒም ይነበባል። ከዘጠኙ ካሬዎች ሦስቱ አቅጣጫ ማወቂያ ናቸው፣ ቁጥሩን የሚይዙት የቀሩት ስድስቱ ናቸው። ስለዚህ ተራው ዓይነት 64 የተለያየ ማርከር ይሰጣል፣ ፓሪቲ ያለው 32፣ ሃሚንግ ያለው 8 ብቻ። እኔ የምለው ሃሚንጉን ነው። በተራው ላይ አንዲት ካሬ በጉድፍ ወይም በእስክሪብቶ ከጠቆረች ቁጥሩ ይለወጥና የሌላ ገጽ ሞዴል ይወጣል፤ ተማሪው ደግሞ መሳሳቱን በምን ያውቃል? ሃሚንግ የአንዲት ካሬን ስህተት ራሱ ያርማል። ፓሪቲው ስህተት መኖሩን ያውቃል እንጂ አያርምም። 38 ገጽ ስላለ 38 ማርከር አያስፈልግም፤ 3ዲ የሚሹትን ስምንት ገጾች መምረጥ በራሱ ጥሩ ማጥሪያ ነው።

አንድ ሰው የማያስተውላት ወጥመድ አለች። ማርከሩን በሃሚንግ አትመው ድረ ገጹ ላይ ቅንብሩን ተራ 3 በ3 ላይ ከተዉት፣ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ማርከሩ በሌላ ቁጥር ይነበባል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ከኅትመት በፊት ያረጋግጡ።

አቀማመጡን በተመለከተ፦ ማርከሩ 5 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ባዶ ነጭ ይኑረው። የሰንጠረዥ መስመር ወይም ጽሑፍ ክፈፉን ከነካው ፕሮግራሙ ካሬውን ከወረቀቱ መለየት ያቅተዋል። ጥግ ላይ አያስቀምጡት፤ ስቴፕል ይበሳዋል ወይም ኮፒው ይቆርጠዋል። ይታይ ብሎ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ማስፋትም አይጠቅምም። ቶነሩ ያለቀበት ማሽን ሰፊ ጥቁር ቦታን መሃሉን አንጥቶ ነው የሚያወጣው፣ ያኔ ክፈፉ ክፈፍነቱ ያበቃል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። በኤአር-ጄኤስ የማርከሩ ስፋት ነው 1 የሚባለው። 18 ሳንቲሜትር የሆነ የራስ ቅል በሜትር 0.18 ነው፤ እንዳለ ቢጫን በ5 ሳንቲሜትር ማርከር ላይ 9 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል፣ ሰዉም «አልሠራም» ይላል። 1 ለ0.05 ሲካፈል 20 ነውና ሞዴሉን በ20 ያባዙት፤ ትክክለኛ መጠኑን ይይዛል። ሃንዳውቱን ከኤ4 ወደ ኤ5 አሳንሶ የሚያስኮፒ ተማሪ ግን ማርከሩ 3.5፣ የራስ ቅሉም 12.7 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆንበታል። ከማርከሩ ሥር «ይህ ካሬ 5 ሳ.ሜ ካልሆነ መጠኑ ልክ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ስልኩን በሚመለከት፣ የጉግል ኤአርኮር የሚሠራው በተፈቀደላቸው ስልኮች ዝርዝር ውስጥ ላሉት ብቻ ነው፣ ርካሾቹ ሞዴሎች ብዙዎቹ የሉበትም። ኤአር-ጄኤስ ግን ካሜራና ብሮውዘር ካለ ይበቃዋል። በኩባንያ መድረክ ላይም አይንጠልጠሉ። የጉግል ኤክስፔዲሽንስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2021 ቆሟል፣ ሜታ ስፓርክ ጥር 14 ቀን 2025 ተዘግቷል። ወረቀቱ ከድረ ገጹ በላይ ዕድሜ አለው። ድረ ገጹን የሚከፍተው ኪውአር ኮድም በነጻ ማሳጠሪያ ሊንክ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው በራሱ አድራሻ ይሁን።

ሲቲ ወደ ሜሽ

የማርከሩ ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ ከባዱ ሞዴሉ ነው፣ በተለይ የእናንተ ርእስ ቀዳዳ ስለሆነ።

በነጻ የሚገኘው ዜድ-አናቶሚ ነው። የብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) ፋይል ነው፣ እያንዳንዱ አጥንት ለብቻው ተለይቶ ስሙ ተጽፎበታል። ምንጩን መጥቀስና በዚያው ፈቃድ ማጋራት ግዴታ ነው። አጥንት ከአጥንት ለማስለየት ይበቃል። መሠረቱ ግን ቦዲፓርትስ-3ዲ የተባለው የጃፓን ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመላ አካል ኤምአርአይ የተነሳ ስለሆነ 2 ሚሊሜትር የምታህል ስፓይኖሰም ላይ አይታመንም። ለቀዳዳዎቹ ሲቲ ስካን ይሻላል።

መንገዱ ይህ ነው። የታካሚው ስም የተሰረዘባቸው፣ ውፍረታቸው 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የሲቲ ምስሎችን 3ዲ ስላይሰር በሚባለው ፕሮግራም ይክፈቱ። ሴግመንት ኤዲተር ውስጥ ትሬሾልድን (አጥንት ተብሎ የሚወሰድበትን የድምቀት ወሰን) ከ250 ገደማ ጀምሩ፣ ከዚያ አይላንድስ በሚለው ትልቁን ቁራጭ ብቻ አስቀሩ። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ አለ፦ ትሬሾልዱ ከፍ ሲል ስስ አጥንት ይጠፋል። የዓይን ጉድጓድ ውስጠኛ ግድግዳ ወረቀት ስለሚያህል ይበሳና የሌለ «ቀዳዳ» ይፈጠራል። ዝቅ ሲል ደግሞ እውነተኞቹ ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ ቁጥር የለም። ለራስ ቅል ወለል ተብሎ ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱበትን መምረጥ፣ የዓይን ጉድጓዱን ግድግዳ በብሩሽ በእጅ መሙላት ነው ያለው።

ሁለተኛው ስህተት ስሙዚንግ፣ ማለስለሱ ነው። ሞዴሉ ደረጃ ደረጃ ሲሆን ዓይን ስለሚያስጠላ ሰው ቶሎ ሚዲያን 3 ሚሊሜትር ይጭናል። ስፓይኖሰም 2 ሚሊሜትር ናት፤ በዚያች ጠቅታ ሄደች። ስሙዚንግ ካስፈለገ በ1 ሚሊሜትር ይብቃ።

ወደ ብሌንደር ሲመጣ የስላይሰር ልክ በሚሊሜትር፣ ድረ ገጹ የሚጭነው የጂኤልቢ 3ዲ ፋይል ልክ በሜትር መሆኑን አትርሱ። በ0.001 ካላባዛችሁት 180 ሜትር የሚረዝም የራስ ቅል ይወጣና ካሜራው ውስጡ ሆኖ ባዶ ስክሪን ብቻ ይታያል። ከዚያ የላይኛውን ክዳን በባይሴክት ቁረጡት፤ ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ወለሉ ነው፣ ሦስት ማዕዘኖቹም በአንድ ጊዜ ይቀንሳሉ።

ከሲቲ የወጣ ሜሽ (በሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ቅርጽ) በቀላሉ ከሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ያልፋል። ለደካማ ስልክ 80 ሺህ ገደማ ይበቃል፤ ግን ሦስት ማዕዘን የሚቀንሰውን ዲሲሜትን ዝም ብሎ መጫን ቀዳዳዎቹን ያበላሻል፣ ክቡ ኮከብ ይመስላል፣ ሮተንደም ከአጠገቡ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በየቀዳዳው ዙሪያ በዌይት ፔይንት ቨርቴክስ ግሩፕ ሠርታችሁ ዲሲሜት ውስጥ አስገቡት፤ ቀለም የተቀባው ቦታ ከመቆየት ይልቅ ከተበላ ኢንቨርት የምትለዋን ቁልፍ ንኩ።

መፈተኛው ቀላል ነው። 1 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ሲሊንደር በእያንዳንዱ ቀዳዳ አሳልፉ። ግድግዳ ሳይነካ ካለፈ ቀዳዳው ክፍት ነው። ሲሊንደሮቹን ደግሞ አትጣሏቸው፤ አጉብጣችሁ ቀለም ቀቧቸው፦ በሮተንደም የሚያልፈው የማክሲላሪ ነርቭ ቢጫ፣ በኦቫሌ የሚያልፈው የማንዲቡላር ነርቭ ብርቱካን፣ በስፓይኖሰም የምትገባው ሚድል ሜኒንጂያል አርተሪ ቀይ። ተማሪው ማየት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቴክስቸር አታብዙ፣ ተራ ቀለም ይበቃል። ከመላካችሁ በፊት ስኬሉን አፕላይ አድርጉ፣ ጂኤልቢ በድራኮ (የ3ዲ ፋይል መጨመቂያ) ጨምቃችሁ አውጡ፣ አንዱ ሞዴል ከ3 ሜጋባይት አይለፍ። እና አደራ፣ የጭንቅላት ሲቲ ቆዳው ከተሠራ የሰውየውን ፊት ያሳያል። ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፣ ከአጥንቱ በቀር ምንም አይውጣ፣ ፈቃዱም ከሥነ ምግባር ኮሚቴው በኩል ይምጣ።

የላብ መምህር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ሁለት ነገር ቀረ። ተማሪው ቀዳዳዋን ለማየት ስልኩን ሲያስጠጋ ማርከሩ ከካሜራው ይወጣና ሞዴሉ ድርግም ይላል። ሌላው፣ የ3ዲ ገጹ በተሠራበት በኤ-ፍሬም የተጻፈው አማርኛ ምንም አይታይም፣ ላቲኑ ግን ይታያል።

ነጭ ኅዳግ

የመጀመሪያው የማርከር ሥራ ሁሉ ደዌ ነው። ሦስት ማስታገሻ አለው። አንዱ «ያዝ» የምትል ቁልፍ ማድረግ፦ ስትነካ ሞዴሉ ከማርከሩ ተነቅሎ ካሜራው ፊት ይቆማል፣ ከዚያ በጣት ይዞራል፣ በሁለት ጣት ይሰፋል። ሁለተኛው ማርከሩ ሲጠፋ ሞዴሉን ወዲያው አለመደበቅ፤ አንድ ሰከንድ ቢታገሱት እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣው ብልጭ ድርግም ይቀራል። ሦስተኛው የራስ ቅሉን ከማርከሩ በላይ ሳይሆን ከጎኑ ማቆም፤ ያኔ ሞዴሉ ሲታይ ማርከሩም በፍሬሙ ውስጥ የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል። ለቀዳዳ ትምህርት ግን ያለ «ያዝ» ቁልፍ አይሆንም።

ሞዴሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስሙዝን ያብሩትና ስሙዝ-ካውንትን ከ5 ወደ 10 ያድርሱት። ከዚያ በላይ ከሄደ ሞዴሉ ወረቀቱን እየተጎተተ ይከተላል።

ፊደሉን በተመለከተ፣ የኤ-ፍሬም የጽሑፍ ክፍል ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ትሮይካ የሚባለውን የጽሑፍ ክፍል ተጠቅመው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በቲቲኤፍ ወይም በዎፍ ይጫኑለት። ዎፍ-2 አይቀበልም፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ግን እኔ ብሆን በአየር ላይ አማርኛ አልጽፍም። ሞዴሉ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ያላቸው ትንንሽ ኳሶች ይሁኑ፣ ማብራሪያው ከስክሪኑ ሥር እንደ ተራ ድረ ገጽ ጽሑፍ ይምጣ። ፊደሉ ጥርት ይላል፣ ረጅም ዐረፍተ ነገርም ይችላል፣ ሞዴሉንም አይሸፍንም።

የግቢ ኔትወርክ

ኔትወርኩን እኔ ልጨምር። ካሜራ በብሮውዘር የሚከፈተው በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው። በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ሲሞክሩ ሎካልሆስት ስለሆነ ያልፋል፤ በግቢው ሰርቨር አይፒ ቁጥር ሲሆን ግን ካሜራው ዝም ይላል። ሰርቨሩ ከግቢ ውጭ የማይታይ ቢሆንም እንኳ ለንዑስ አድራሻው በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት በዲኤንኤስ ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ማውጣት ይቻላል። 90 ቀን ነው የሚቆየው፣ ማደሱ በራሱ እንዲሆን አድርጉት፤ አለዚያ ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ይቆማል። ራስ ሠራሽ ሰርተፍኬት ለ120 ተማሪ «ማስጠንቀቂያውን እለፉት» ማለት ስለሆነ አልመክርም።

ላይብረሪዎቹን ከውጭ ሳይሆን ከግቢው ሰርቨር ጫኑ። በዚህ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ነገር አለች፦ ሞዴሉን በድራኮ ከጨመቃችሁት መፍቻው ፋይል ያለበት ቦታ ለገጹ ካልተነገረው በቀር ከጉግል ሰርቨር ነው የሚመጣው። ውጭ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጹ ይከፈታል፣ ካሜራው ይሠራል፣ ማርከሩ ይነበባል፣ ሞዴሉ ብቻ አይመጣም። መፍቻውን አውርዳችሁ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጡና መንገዱን ንገሩት።

ስሌቱን ተመልከቱ፦ ስምንት ሞዴል በ3 ሜጋባይት 24፣ ለ120 ተማሪ 2.88 ጊጋባይት። ይህ ሁሉ ላቡ በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቢጠየቅ ዋይፋዩ ይወድቃል። ገጹ የዚያን ገጽ ሞዴል ብቻ ይጫን፣ ሰርቪስ ወርከር የሚባለው የብሮውዘሩ ረዳት ኮድ ደግሞ የወረደውን ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። ሊንኩ ከላቡ ቀደም ብሎ ይላክ።

የሚላከው በቴሌግራም ነው መቼም። ቴሌግራም ሊንኩን በራሱ ውስጥ ሲከፍተው ካሜራው ብዙ ጊዜ እንቢ ይላል። ገጹ አናት ላይ «ካሜራው ካልበራ በክሮም ይክፈቱት» የሚል መስመር ይኑር። ሙድል (የትምህርት ድረ ገጹ) ውስጥ በአይፍሬም ከከተታችሁትም ለፍሬሙ የካሜራ ፈቃድ ካልተሰጠው አይሠራም፤ በአዲስ ገጽ የሚከፈት ሊንክ ማድረጉ ይቀላል። ሰርቨሩ ዊንዶውስ አይአይኤስ ከሆነ ጂኤልቢ የሚለውን የፋይል ዓይነት አስመዝግቡት፣ ካለበለዚያ ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» ነው የሚላችሁ።

ማገላበጥ ይበቃል

ሁላችሁም ወደ ማርከር ሮጣችሁ፤ እኔ ግን ኤአሩ የግድ ነው ወይ ብዬ ልጠይቅ። ለቀዳዳዎቹ የሚያስፈልገው ማገላበጥ ነው። ያንኑ የጂኤልቢ ፋይል በሞዴል-ቪውወር (3ዲን ድረ ገጽ ላይ ማሳያ) ብታስቀምጡት ካሜራ ሳይከፈት በጣት ይዞራል፣ ስልኩ አይግልም፣ ባትሪ አይበላም፣ ተማሪውም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በነጻ እጁ ይጽፋል። ኤአር ላይ አንዱ እጅ ስልክ፣ ሌላው ወረቀት ይዞ ማስታወሻ አይያዝም። ስለዚህ ኪውአሩ መጀመሪያ ይህን ይክፈት፣ «ወረቀቱ ላይ አሳየኝ» የምትለው ቁልፍ ከሥር ትሁን። ማርከር ለማንበብ የሚቸገር ስልክ የያዘውም ከትምህርቱ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞዴል-ቪውወር የራሱ የኤአር ቁልፍ አለው፤ እሱ ግን አይፎን ላይ ወደ ኩዊክ ሉክ፣ አንድሮይድ ላይ ወደ ሲን ቪውወር ሲያሸጋግር ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ የለጠፋችኋቸው ስሞች አብረው አይሄዱም። ባዶ አጥንት ነው የሚታየው። ስሞቹ ካስፈለጉ የማርከሩን መንገድ ያዙ።

ከሁሉ በላይ ሞዴሉን ዝም ብሎ ማሳየት ተማሪውን «ዋው» አሰኝቶ ያልፋል። ሃንዳውቱ ላይ ከማርከሩ በፊት የሚሠራ ነገር ይምጣ። ለምሳሌ፦ «ከላይ ሲታይ ሮተንደም፣ ኦቫሌና ስፓይኖሰም ያሉበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አሁን ሞዴሉን ገልብጡና ሦስቱንም ከታች ፈልጉ።» ኦቫሌን ከላተራል ፕቴሪጎይድ ፕሌት ሥር ወደ ኋላና ወደ ጎን ያገኟታል፣ ስፓይኖሰምን ከእሷ ኋላ። ሮተንደምን ግን አያገኟትም። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት፣ ወደ ፕቴሪጎፓላታይን ፎሳ ነው የምትከፈተው፤ ቢጫውን ነርቭ ተከትለው ሲያዞሩት ብቻ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በገጽ አንድ ይበቃል።

ነጭ ኅዳግ

ቅደም ተከተሉ ላይ እስማማለሁ፤ ማገላበጫው ይቅደም። ኤአሩን ግን አትጣሉት። ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር የስክሪን ያህል ስለሆነ ስፓይኖሰም የኦቫሌ ታናሽ ብቻ ትመስላለች። በትክክለኛ መጠን ወረቀቱ ላይ ሲቆም፣ ከእስክሪብቶ ጫፍ ጋር ሲያስተያዩት ነው 2 ሚሊሜትር ምን ማለት እንደሆነ የሚታየው።

መምህር፣ 120 ቅጂ ከማስባዛትዎ በፊት አንዱን ገጽ ኮፒ ያስደርጉ፣ ኮፒውን እንደገና፣ እሱንም እንደገና። ሦስተኛውን ቅጂ ወስደው በተማሪዎቹ እጅ ካለው እጅግ ርካሽ ስልክ፣ ማታ በዶርም መብራት፣ ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይሞክሩት። እዚያ ከተነሳ ሌላውም ይነሳል። ካልተነሳ መጀመሪያ ነጩን ኅዳግ ይለኩ።